የማን ጉዳት? እስከ ስንት? የተሽከርካሪ መድን ሽፋን ዓይነቶችና በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ሲሰሙት ከምሁራን ጉባኤ ይልቅ ለመድን ሽያጭ ሠራተኛ የሚስማማ ይመስላል፤ የተሽከርካሪ መድን ሽፋን ዓይነቶች። ነገር ግን በዚህ ተራ በሚመስል ርእስ ውስጥ የሕግ፣ የምጣኔ ሀብትና የፍትሕ ጥያቄዎች አንድ ላይ ተቋጥረው ይገኛሉ። ቋጠሮውን በአንድ ምሽት እፈታዋለሁ አልልም፤ ጫፉን ግን ላስጨብጣችሁ እሞክራለሁ።

እኔን ወደዚህ ጉዳይ ያመጣኝ መጽሐፍ አይደለም፤ የአጎቴ ሚኒባስ ነው። አጎቴ ለረጅም ዓመታት በቅጥር ሾፌርነት ሠርተው፣ በዕቁብና በብድር አንድ ያገለገለ ሚኒባስ ገዙ። የሦስተኛ ወገን መድናቸውን በየዓመቱ ሳያስተጓጉሉ ያሳድሱ ነበር። አንድ ምሽት መኪናውን የያዘው ሾፌር የሦስት ልጆች አባት የሆነ እግረኛ ገጨ፤ ሰውየው ሆስፒታል ሳይደርስ ሕይወቱ አለፈ። አጎቴ እጅግ አዘኑ። ስለ ገንዘቡ ግን «መድን አለኝ» ብለው ተጽናንተው ነበር። ፍርድ ቤቱ ለሟች ባለቤትና ልጆች ካሳ በወሰነ ጊዜ፣ መድን ሰጪው በሕግ የተቀመጠውን ጣሪያ ያህል ከፈለ። የቀረው፣ እርሱም የሚበዛው፣ በአጎቴ ላይ ወደቀ። ሚኒባሱ ተሸጠ፤ እርሱም አልበቃም። ያን ጊዜ አጎቴ የጠየቁኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ «ልጄ፣ መድን ገብቼ የለም ወይ?»

መድን ሰጪው ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ የገባውን ውል ፈጽሟል። ፍርድ ቤቱም አላጠፋም። አጎቴም ሕግ አልጣሱም። ሁሉም የድርሻውን አድርጎ ሳለ አንድ ቤተሰብ አባቱን፣ ሌላው ደግሞ እንጀራውን አጣ። የሟች ሚስትም የተፈረደላትን ገንዘብ ያገኘችው ተቆራርጦና ዘግይቶ ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ የመፈለግ ሙከራ ነው።

መልሱን ለማግኘት ከመድን በፊት ከኃላፊነት መጀመር ይኖርብናል፤ መድን የሚከተለው ኃላፊነትን ነውና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ተሽከርካሪውን የነዳው ሰው ለመንዳት ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ ጥፋት ሠርቶ እንደሆነ አይጠየቅም። በአደጋው ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ነጻ ይሆናል። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ደግሞ አንቀጽ 2084 ሁለቱም እኩል ለአደጋው አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምትና፣ አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት የደረሰ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ባለቤቶቹ የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ግማሽ እንዲሸከሙ ያደርጋል።

የዚህን ድንጋጌ ክብደት ልብ በሉ። አጎቴ መሪውን አልጨበጡም፤ ቤታቸው ነበሩ። ነገር ግን የባለቤትነት ደብተሩ፣ ሊብሬው፣ በስማቸው ነው። በአገራችን መኪና በውክልና ሸጦ ስሙን ሳያዛውር ለዓመታት የሚቆይ ሰው ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው መኪናው ከእጁ ወጥቷል፤ ስሙ ግን ከመዝገቡ አልወጣም። አደጋ ሲደርስ ተጎጂው በመጀመሪያ የሚያገኘው በመዝገቡ ላይ ያለውን ስም ነው። ሕጉ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ የባለቤቱ ኃላፊነት በመርሕ ደረጃ ጣሪያ የለውም። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ሽፋን ዓይነቶቹ እንሻገር።

የመጀመሪያው አስገዳጁ የሦስተኛ ወገን መድን ነው። በአገራችን በተሽከርካሪዎች ላይ በጠቅላላው አስገዳጅ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ሲሆን፣ ይህ አዋጅ ኋላ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተክቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው። መድን ሰጪው አንደኛ ወገን፣ መድን ገቢው ሁለተኛ ወገን ነው፤ ከውሉ ውጭ ሆኖ በተሽከርካሪው የተጎዳው ሰው ሦስተኛ ወገን ይባላል። ስለዚህ ይህ መድን የተሠራው ለባለ መኪናው አይደለም፤ ባለ መኪናው ለሚጎዳው ሰው ነው። የራሱን መኪና አያስጠግንም። አሽከርካሪው ራሱ ቢጎዳም አያሳክመውም፤ ሰው ለራሱ ሦስተኛ ወገን ሊሆን አይችልምና። ተሳፋሪን የሚመለከተው የውሉ ክፍልም፣ በተለይ ለሕዝብ ማመላለሻ ባለቤቶች፣ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ነው።

ከዚሁ ሥርዓት ጋር የቆመ አንድ ተቋም አለ፤ የመድን ፈንድ። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ወይም መድን ያልገባ መኪና ያደረሰው ጉዳት ሰሚ እንዳያጣ የተቋቋመ ነው። ዛሬ ይህ ሥራ የሚከናወነው በመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ሥር ነው። ተማሪዎቼ ስለዚህ ፈንድ ሲሰሙ ብዙ ጊዜ ይገረማሉ፤ ተጎጂዎችና ቤተሰቦቻቸውም መኖሩን ባለማወቅ ሳይጠይቁ የሚቀሩበት ጊዜ አለ። የማይታወቅ መብት እንደሌለ መብት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በሦስተኛ ወገን ሽፋን ላይ እሳትና ስርቆትን የሚጨምረው ነው። መኪናው ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ባለቤቱ ይካሳል፤ ቢጋጭ ወይም ቢገለበጥ ግን ጥገናው የራሱ ዕዳ ነው። ለአሮጌና ዋጋው ዝቅ ላለ መኪና፣ አረቦኑ ቀለል ስለሚል፣ አስተዋይ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው በተለምዶ «ሙሉ ኢንሹራንስ» የምንለው ነው። የሦስተኛ ወገን ኃላፊነትን፣ እሳትንና ስርቆትን፣ በግጭትና በመገልበጥ በራሱ በተሽከርካሪው ላይ የሚደርሰውንም ጉዳት ይይዛል። ስሙ ግን ያሳስታል። ሙሉ የተባለው ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር እንጂ ሁሉን የሚሸፍን ሆኖ አይደለም። የጎማ ማለቅ፣ የሞተር እርጅና፣ በአገልግሎት ብዛት የሚመጣ ብልሽት አደጋ ስላልሆኑ ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። አግባብ ያለው መንጃ ፈቃድ በሌለው ሰው ወይም በሰከረ አሽከርካሪ መነዳት፣ ለቤት ተብሎ መድን የተገባለትን መኪና ለኪራይ ማሠማራት የካሳ ጥያቄን ውድቅ ከሚያደርጉት የተለመዱ ምክንያቶች መካከል ናቸው። ጦርነት፣ ሁከትና የፖለቲካ ግጭትም በመደበኛው ውል ውስጥ አይካተቱም፤ እነዚህን የፈለገ ተጨማሪ አረቦን ከፍሎ ለብቻ ያስገባል። ባለፉት ዓመታት በየመንገዱ መኪናቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች «ሙሉ ገብቼ ነበር» ብለው ሄደው ባዶ እጃቸውን የተመለሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ከነዚህ ሦስቱ በተጨማሪ ቅጥያ ሽፋኖች አሉ። የአሽከርካሪውንና የተሳፋሪውን የግል አደጋ የሚሸፍን አለ፤ ከላይ ያነሣሁትን የአሽከርካሪውን ክፍተት የሚሞላው ይህ ነው። የሦስተኛ ወገንን ጣሪያ ከሕጉ በላይ ከፍ የሚያደርግም አለ። ወደ ውጭ ለሚሻገሩ ደግሞ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ አለ። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮቻችን በሚገባ ያውቁታል፤ በአገር ቤት የተገዛው ካርድ በሌላው አባል አገር ሕግ መሠረት ለሚደርሰው የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ያገለግላል። የራስን መኪና ጥገና ግን አይመለከትም።

እስካሁን የተናገርሁት «የማን ጉዳት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ብዙዎቹ የመድን ማብራሪያዎች እዚህ ላይ ያበቃሉ። አጎቴን የጎዳቸው ግን ይህ ጥያቄ አልነበረም፤ የተገጨው ሰው ሦስተኛ ወገን ስለመሆኑ ማንም አልተከራከረም። የጎዳቸው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ «እስከ ስንት?»

አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ያስቀመጣቸውን ቁጥሮች እንመልከት። ለሞት የሚከፈለው ከ5,000 ብር ያላነሰ፣ ከ40,000 ብር ያልበለጠ ነበር። ለአካል ጉዳት ጣሪያው 40,000 ብር ነበር። ለንብረት ጉዳት ግን 100,000 ብር። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ጥቂት ጊዜ ተመልከቷቸው። የአንድ ሰው ሕይወት ጣሪያ ከአንድ መኪና ጣሪያ በታች ነበር። ይህን የምለው ሕግ አውጪውን ለመውቀስ አይደለም፤ አስገዳጅ መድን ሲጀመር አረቦኑ ከድሃው ባለ ታክሲ አቅም በላይ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነበረበት። ጣሪያ በጊዜ ሂደት ሊሻሻል ይችላል፤ ስለዚህ ባለ መኪና የሆነ ሁሉ ውሉን በሚያድስበት ቀን የወቅቱን አሃዝ ይመልከት። እኔ የማነሣው ነጥብ ግን ከአንድ አሃዝ በላይ ነው።

ነጥቡ ይህ ነው። በሕጋችን ውስጥ ሁለት ጣሪያዎች አሉ ብለን እናስባለን፤ በእውነቱ ያለው አንድ ብቻ ነው። መድን ሰጪው ጣሪያ አለው፤ ባለቤቱ የለውም። ያዙልኝ ያልኋችሁ ቃል እዚህ ላይ ታስፈልጋለች። ለምሳሌ ያህል፣ ፍርድ ቤት ለሟች ጥገኞች 400,000 ብር ቢወስንና የመድኑ ጣሪያ 40,000 ብር ቢሆን፣ መድኑ የሸፈነው ከአሥር እጅ አንዱን ነው። የቀረው 360,000 ብር የባለቤቱ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱ ድሃ ከሆነ ደግሞ ዕዳው በወረቀት ላይ ብቻ ይኖራል፤ ያን ጊዜ እውነተኛው ተሸካሚ የሟች ሚስት ትሆናለች። ስለዚህ ዝቅተኛ ጣሪያ የሚጎዳው አንድ ወገን አይደለም፤ በፍርድ ቤት ፊት ለፊት የቆሙትን ሁለቱንም ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ በእንግሊዝ አገር የሦስተኛ ወገን መድን አስገዳጅ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ ዛሬ እዚያ ለሰው አካልና ሕይወት ጉዳት አስገዳጁ ሽፋን የገንዘብ ጣሪያ የለውም። ጣሪያ ያለው ለንብረት ነው። የእነርሱን ገበያ ወደ እኛ አምጡ አልልም፤ የአረቦኑም ዋጋ የዚያኑ ያህል ነው። የቅደም ተከተሉ ሐሳብ ግን ሊያስተምረን ይችላል፤ ሰው ይቀድማል፣ ብረት ይከተላል።

ቁጥር ያረጃል። ለዚህ ሌላ ምስክር ከራሱ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ላምጣ። አንቀጽ 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ግን አንቀጹ እንዳለ፣ ብሩ ግን የለም። የሕግ ቃል ሳይለወጥ ትርጉሙ ሊሞት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ይኸው እርጅና በ«ሙሉ» መድን ውስጥም ተደብቆ ይገኛል፤ እዚህ ላይ የጉዳቱ ሰለባ እኔ ራሴ ነበርሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ያገለገለች መኪና ገዝቼ በገዛሁበት ዋጋ መድን ገባሁ። በየዓመቱ ሳድስ የመኪናዬን ዋጋ ከፍ ለማድረግ አልፈለግሁም፤ አረቦኑ እንዳይጨምርብኝ። የመኪና ዋጋ በአገራችን እንዴት እንደሚወጣ ታውቃላችሁ፤ ያረጀ መኪና ከተገዛበት በላይ የሚሸጥበት አገር ነው። ኋላ ስጋጭ ጋራዡ ካቀረበው ሒሳብ የተከፈለኝ ግማሹ እንኳ አልሞላም። የመድን ገቢነት ኩራቴ በዚያች ቀን በረደ።

ምክንያቱ የተመጣጣኝነት ደንብ የሚባለው ነው። መኪናው 2,000,000 ብር እያወጣ በ1,000,000 ብር መድን ከተገባለት፣ ባለቤቱ ለቀረው ግማሽ ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል። ስለዚህ የ400,000 ብር ጉዳት ቢደርስ፣ የሚከፈለው 400,000 ሳይሆን 200,000 ብር ነው። ከዚህም ላይ መድን ገቢው በእያንዳንዱ አደጋ ራሱ የሚሸከመው ተቀናሽ አለ፤ አሮጌ ዕቃ በአዲስ ሲተካም ስለ እርጅናው የሚቀነስ ሊኖር ይችላል። በተቃራኒው፣ መኪናን ከዋጋው በላይ መድን ማስገባትም ትርፍ የለውም። የንብረት መድን የመካሻ ውል ነው፤ መድን ገቢውን ከአደጋው በፊት ወደነበረበት ይመልሰዋል እንጂ አያበለጽገውም። መድን ሰጪው ከከፈለ በኋላ በመድን ገቢው እግር ተተክቶ ጉዳት አድራሹን የሚከሰውም በዚሁ መርሕ ነው።

ለሕግ ተማሪዎች አንድ ማስታወሻ ልጨምር። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 አዲሱን የንግድ ሕግ ሲያመጣ የ1952ቱን ሕግ በሙሉ አልሻረም፤ መድንን የሚመለከተው ክፍል እንዳለ ቀጥሏል። ስለዚህ የመድን ውልን ለመረዳት ዛሬም የምንገልጠው ያንኑ የቀድሞውን ሕግ ነው። ጥሩ ሕግ ነው። የተጻፈው ግን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ መኪና ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ነው። በዚህ ላይ የሚሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የጠፋበት ተማሪ ካለ፣ ቢሮዬ ክፍት ነው።

እንግዲህ ወደ መደምደሚያዬ ልምጣ።

ስለ ሽፋን ዓይነቶች የተናገርሁትን ሁሉ በሦስት ጥያቄዎች ማጠቃለል ይቻላል። አንደኛ፣ ይህ ውል የሚሸፍነው የማንን ጉዳት ነው? የእኔን፣ የአሽከርካሪዬን፣ የተሳፋሪውን ወይስ የእግረኛውን? ሁለተኛ፣ እስከ ስንት? ይህ ቁጥር ከዛሬው የመኪናዬ ዋጋና ከዛሬው የኑሮ ወጪ ጋር ይመጣጠናል? ሦስተኛ፣ በምን ሁኔታ? ማን ሲነዳ፣ ለምን ሥራ፣ በየትኛው አገር፣ በምን ዓይነት አደጋ? የሽፋኑ ስም፣ «ሦስተኛ ወገን» ቢባል «ሙሉ» ቢባል፣ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ነው፤ እርሱንም በከፊል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚመልሰው የውሉ ወረቀት ነው፤ ያ ወረቀት ደግሞ በአብዛኞቻችን ቤት ከመኪናው ኪስ ወጥቶ አያውቅም።

ለመድን ሰጪዎች ያለኝ ምክር አጭር ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ስትሸጡ፣ ጣሪያው ስንት እንደሆነና ከጣሪያው በላይ ያለው በባለቤቱ ላይ እንደሚቀር፣ ገዢው በሚገባው ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት። ለሕግ አውጪዎችም እንዲሁ። በሕግ ውስጥ የሚገባ የብር ቁጥር ሁሉ የሚከለስበት ጊዜ አብሮት ይጻፍ፤ ያለዚያ ሕጉ በቆመበት፣ ኑሮው ትቶት ይሄዳል።

አጎቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። ለጥያቄያቸው ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም፤ ገና ተማሪ ነበርሁ። ዛሬ ቢጠይቁኝ እንዲህ እላቸው ነበር፤ «ጋሼ፣ መድን ገብተዋል። የገቡት ግን ሕጉ ያስገደደዎትን ያህል እንጂ ኃላፊነትዎ የሚጠይቀውን ያህል አልነበረም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ደግሞ የነገረዎት ሰው አልነበረም።»

ያን ልዩነት የመናገር ግዴታ፣ እንደ እኔ እምነት፣ የእኛ ነው፤ የምናስተምረውና የምንማረው። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። የእናንተን ወይም የቤተሰባችሁን መኪና የመድን ውል አውጡና «እስከ ስንት?» የሚለውን ፈልጉ። ያገኛችሁት ቁጥር ካሳሰባችሁ፣ ንግግሬ ከንቱ አልሆነም ማለት ነው።